እናታችን ሆስፒታል እያለች መታጠቢያ ቤቱን ማደስ፦ ከየት እንጀምር?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከገንዳ ስትወጣ ተንሸራታ ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት የተሰበረው የጭኗ አጥንት ራስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ገብቶላታል። ተመስገን ነው፣ አሁን በዎከር ተደግፋ ከአልጋዋ እስከ ክፍሉ በር ትሄዳለች። «ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች» ተብለናል።

ቤታችን ያለው መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ነው። የገንዳው ጠርዝ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። በሩ ጠባብ ነው፤ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ዝቅ ያለ ነው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ስለሆነ እርጥብ ሲሆን ጤነኛውንም ይጥላል። እንዳለ ሆኖ ወደዚያ ክፍል መልሼ ላስገባት አልችልም፤ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔና ወንድሜ እሷ ሆስፒታል እያለች አፍርሰን ልንሠራው ተስማምተናል። ሠራተኛ አግኝተናል፣ «ነገ ልጀምር» እያለ ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ወንድሜ «አሁን አንንገራት፣ ትጨነቃለች፤ ስትመለስ ተሠርቶ ታግኘው» ይላል። እኔ ልቤ አልቀበል ብሎኛል። ያንን ገንዳ ራሷ መርጣ ያስገባችው ነው፤ ቤቱም የሷ ነው።

ጊዜው ይበቃናል? ከምኑ እንጀምር? ለእሷስ እንንገራት ወይስ እንቆይ? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ውኃ ልክ

እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። በሴራሚክና በቧንቧ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለ ጊዜው እኔ ልንገርሽ፣ ሌላውን የሚያውቁት ይናገሩ።

በዚህ ሥራ ጊዜ የሚበላው መድረቁ ነው። ገንዳ ማውጣትና ሴራሚክ መፈንቀል በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ቧንቧና ፍሳሽ ማዛወርም እንደዚያው። ከዚያ ሊሾ ይፈሳል። ተራ የሲሚንቶ ሊሾ የሚደርቀው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ከፈሰሰ ከወር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ፈጥኖ የሚደርቅ ዓይነት አለ፤ ካልተገኘ ግን በሁለት ሳምንት አትጨርሱም። በላዩ የውኃ መከላከያ ቅቡ ሁለት እጅ ይቀባል፣ በመሃል ይጠበቃል። ቀጥሎ የ24 ሰዓት የውኃ ሙከራ አለ፤ ወለሉ ላይ ውኃ አቁሞ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማየት ነው። ሴራሚኩ ተለጥፎም ግራውት (የመገጣጠሚያው መሙያ) እስኪሞላበት ድረስ አብዛኛው ማጣበቂያ 24 ሰዓት ይፈልጋል፣ ሲሊኮኑም የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ገንዳው ሲነሳ ከሥሩ ደህና ነገር ከተገኘ ነው። የዛገ ቧንቧ፣ የበሰበሰ ግድግዳ፣ ሲፎን (ሽታ የሚያስቀረው የቧንቧ እጥፋት) የሌለው ፍሳሽ ከተገኘ ቀኑ ይጨምራል።

ሠራተኛው ነገ ይጀመር ካለ እንዲቆይ ንገሩት። ሴራሚኩ፣ ማጣበቂያው፣ ቅቡ፣ ሩቢኔቶው፣ የወለል ፍሳሽ ማስገቢያው፣ አዲሱ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ እስከ ብሎኑ ድረስ ሁሉም ቤት ሳይገባ መዶሻ አይነሳ። ያላችሁ መታጠቢያ ቤት አንድ ነው። ቤት ፈርሶ አንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሲጠበቅ ሳምንት ሲያልፍ ብዙ አይቻለሁ።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ አይዞሽ። የአጥንት ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ።

«ሁለት ሳምንት ገደማ» የሚባለው ግምት ነው። ትኩሳት ከመጣ ይረዝማል፤ ቁስሉ ቶሎ ከደረቀና በዎከር መሄድ ከቻሉ ያጥራል። ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ማጠሩ ነው። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አትጠይቂ። «ወደ ቤት ለመውጣት ምን ምን ማድረግ መቻል አለባት?» ብለሽ ጠይቂ። ብቻዋን ከአልጋ መነሳት? ደረጃ መውጣት? ይህን ካወቅሽ በየቀኑ እያየሻት ራስሽ ትገምቻለሽ።

ሌላው፣ ቀዶ ጥገናው በየት በኩል እንደተሠራ ጠይቂ። ከኋላ በኩል ከሆነ አዲሱ መገጣጠሚያ ከቦታው እንዳይወጣ ለተወሰነ ጊዜ ክልከላ ይሰጣቸዋል፦ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ አለማጠፍ፣ እግር አለማነባበር፣ እግርን ወደ ውስጥ አለማዞር። በብዙ ቦታ ይህ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የሽንት ቤታችሁን ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው።

ለመንገሩ ደግሞ፣ ንገሯቸው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያላቸው እናቶች የሚያወሩኝ አብዛኛው ስለ ቤታቸው ነው። ወደየት ክፍል እንደሚመለሱ፣ የትኛው ዕቃ የት እንዳለ በልባቸው እየዞሩ ነው የሚያነጉት። እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ከጀርባቸው ሲለወጥ ደስ የሚላቸው አሉ፤ የሚያለቅሱም አይቻለሁ።

ሦስተኛ ልጅ

እኔ ከውኃ ልክ ትንሽ እለያለሁ። ለምን ሁሉም አሁን ይፈርሳል?

አባቴ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ሲተኛ እኛም እንደናንተ ቸኩለን ነበር። ያስቆመን ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። «በሦስት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደሚመለስለት ገና አላወቅንም፤ ዛሬ ላለው አካሉ ግድግዳ አትሥሩ» አለን። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳናፈርስ አስገባነው፦ በሽንት ቤቱ ላይ የሚጫን ከፍ ማድረጊያ፣ የሻወር ወንበር፣ በእጅ የሚያዝ ሻወር፣ ከገንዳው ጋር ደግሞ ሁለት እግሩ ውስጥ ሁለት እግሩ ውጭ የሚቆም መሻገሪያ ወንበር። ውጭ ባለው በኩል ተቀምጦ እየተንሸራተተ ይገባል። ትልቁን እድሳት የሠራነው ቆይተን፣ እጁ ምን እንደሚችል ካየን በኋላ ነው።

የመደገፊያውን ብረት ነገር ልንገርሽ። ሠራተኛው በግራ በኩል ሊተክለው ነበር፤ ጠንካራው ግድግዳ በዚያ ስለሆነ። አባቴ ደግሞ የደከመው ግራ እጁ ነው። ብረቱ ጤነኛው እጅ በሚደርስበት መሆን አለበት። ሲወጣም ፊቱ ዞሮ ስለሚሆን ያው ብረት በሌላው እጁ በኩል ይመጣል፤ ለዚህ ብለን ሁለተኛ ተከልን። ብረት ከመተከሉ በፊት ሰውየው እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ አንድ ሰው በዚያው ክፍል በተግባር ቢያሳይ ጥሩ ነው።

ቀስ በቀስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ልዩነቱ የሕመሙ ዓይነት ነው። ስትሮክ ላይ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አካሉ ምን ላይ እንደሚቆም ጊዜ ያሳያል። የዳሌ ስብራት ግን መንገዱ ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ ወድቆ የተሰበረ ትልቅ ሰው ዳግም የመውደቅ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ወድቀው ከሚሞቱት ውስጥ ቁጥራቸው ከሁሉ የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ናቸው። ገንዳውን ማንሳት በእኔ እምነት ተገቢ ነው።

ማለዳ፣ ከሁሉ በፊት ሜትር ይዘሽ ወደ እናትሽ ሂጂ። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቤት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው፣ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው እጥፋት ጀርባ ድረስ ለኪ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከዚያ ቁጥር ማነስ የለበትም፤ ክልከላው እስኪነሳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይሻላል። ተራው መቀመጫ ብዙ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ብሎ የሚሠራው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግን በጣም ከፍ ካለ እግራቸው ይንጠለጠላል፣ ሆዳቸውን ለማማጥም ይቸገራሉ፤ የረጅም ሰው መቀመጫ ለአጭር ሴት አይሆንም።

አቀማመጡን እንዲህ እናስተምራለን፦ በዎከር እየደገፉ ወደ ኋላ መሄድ፣ መቀመጫው ከእግራቸው ጀርባ እስኪነካቸው ድረስ። ከዚያ የተሠራውን እግር ወደ ፊት ዘርጋ ማድረግ፣ እጅን ወደ መደገፊያው መላክ፣ ቀስ ብሎ መውረድ። ሲነሱም ዎከሩን መሳብ የለም፤ ዎከር ሲሳብ ይገለበጣል። ስለዚህ ከመቀመጫው ጎን የሚይዙት ነገር ግዴታ ነው። የሽንት ቤቱ መሃል ከጎኑ ግድግዳ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ብረቱ እጅ ይደርሳል፣ ክርንም አይጋጭም። የአግድሙ ብረት ከፍታ በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው ቤት ሲሠራ ግን ያንኑ ሰው ለክቶ ማስተካከል ይሻላል። ሻወሩ መግቢያ ላይ ደግሞ ቁሙን የሚተከል አንድ ብረት ይኑር፤ ሰው ሲሻገር የሚይዘው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራውን በሁለት ክፈሉት። በሩና ሽንት ቤቱ ይቅደሙ፣ ሻወሩ ይከተል። ቀድመው ከወጡ ያለ ሻወር ለተወሰነ ጊዜ ይኖራሉ። ያለ ሽንት ቤት ግን አይሆንም።

ማለዳ

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ሜትር ይዤ ሄድኩ።

ሳላስበው ነገሩ በራሱ ወጣ። ጫማዋን አድርጌላት፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከጉልበቷ ጀርባ ስለካ «እግሬን ምን ልታደርጊበት ነው የምትለኪው?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ገንዳውንም?» አለች። «አዎ፣ ገንዳውንም» አልኳት። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ጠየቀችኝ፤ በሩ የትኛው እንደሆነ፣ መስኮቱ የት እንደሆነ በጣቷ እያሳየች አረመችኝ።

የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። የመብራት ማብሪያው ከክፍሉ ውጭ ሆኖ አይቀጥል፣ ወደ በሩ ውስጥ ይግባ፤ ጨለማ ውስጥ እየዳበሰች እንደምትገባ እኔ አላውቅም ነበር። ሳሙናና ሻምፖ ማስቀመጫው ጎንበስ የማያሰኝ ይሁን። ሦስተኛው፣ «ሆስፒታል አታድርጉብኝ፤ ብረቱ ነጭ አይሁን» አለች።

ልኬቱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀዶ ጥገናው ከኋላ በኩል ነው፤ የ90 ዲግሪው ክልከላ ይመለከታታል። ወንድሜም አሁን ተስማምቷል፤ እሷ ራሷ ደውላ ስለ ሴራሚኩ ቀለም አዝዛዋለች።

ቀጥዬ የምጠይቀው፦ ግድግዳችን ብሎኬት ነው። ብረቱ ይይዛል? በሩስ እንዴት ይስፋ?

ውኃ ልክ

እናትሽ ስለ ቀለሙ ያሉት ልክ ነው፤ ከግድግዳው የተለየ ቀለም ያለው ብረት ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። የሽንት ቤት ክዳኑም ከወለሉ የተለየ ቢሆን ጥሩ ነው። ነጭ በነጭ በሆነ ክፍል ዓይኑ የደከመ ሰው ጠርዙን አይለይም።

ብሎኬት ባዶ ሆድ ነው። ተራ የፕላስቲክ ፊሸር ፎጣ መስቀያ ይይዛል፣ ሰው አይይዝም። የመደገፊያ ብረት ቢያንስ 113 ኪሎ እንዲሸከም ይጠበቃል፤ ያውም ሰው ሲንሸራተት በድንገት ሲወድቅበት። ሦስት መንገድ አለ። ሴራሚኩ ስለሚፈነቀል ብረቱ የሚተከልበትን ብሎኬት ቀዳዳ በኮንክሪት ሙሉና ሲጠነክር ብሱት። ወይም በወንፊት ቱቦ ውስጥ የሚገባ የኬሚካል ማጣበቂያ ያለው ብሎን ተጠቀሙ። ወይም ግድግዳው በሌላው በኩል የሚታይ ከሆነ ብሎኑን አሳልፋችሁ ከኋላ የብረት ሳህን አድርጉለት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ዛሬ ብረት በማትተክሉበት ቦታም ሙሉት፤ ነገ ሌላ ብረት ሲያስፈልግ ሴራሚክ አትሰብሩም።

ብረቱ በእጅ ሙሉ የሚጨበጥ፣ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ፤ ከዚያ ከሰፋ ክንድ ይገባበትና ሰው ሲወድቅ ይሰብረዋል። በቫኩም የሚለጠፉትን አትግዙ። የተለጠፉ ዕለት ያዙ ብለው ያታልላሉ፣ ከዚያ አየር ሲገባባቸው ሳይታወቅ ይላላሉ።

በሩን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የዎከሩን ስፋት ለኪ። ግድግዳ ሰብሮ ማስፋት ከበሩ በላይ ያለውን ተሸካሚ ስለሚነካ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ዎከሩ በጥቂቱ ብቻ ከተቸገረ ሌላ ዘዴ አለ፦ በሩ ሲከፈት ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጣ የሚያደርገው ማጠፊያ ተገዝቶ ቢገጠም አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ይገኛል። ሰፋም አልሰፋም ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙሩት። ሰው ውስጥ ወድቆ በሩን በአካሉ ከዘጋው ማንም ሊደርስለት አይችልም። መቀርቀሪያውም ከውጭ በሳንቲም የሚከፈት ዓይነት ይሁን።

ሻወሩ ደፍ አይኑረው። ወለሉ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘንብል፤ ከዚያ ካነሰ ውኃ ይቋጥራል፣ ከበዛ ዎከሩ ይንሸራተታል። ሴራሚኩን ስትገዙ የሚያሳዩአችሁ የአር10 እና የአር11 ያለመንሸራተት ደረጃ በጫማ የተለካ ነው። ለሻወር በባዶ እግርና በውኃ የተለካውን ጠይቁ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ይጻፋል፣ ለሻወር ቢ ይሁን። ሴራሚኩ ትንንሽ ሲሆን መገጣጠሚያው ስለሚበዛ እግር የበለጠ ይይዛል፣ ወደ ፍሳሹ ለማዘንበልም ይመቻል።

ብርሃኔ ኤሌክትሪክ

ማብሪያው ወደ ውስጥ ይግባ ከተባለ ከሻወሩ ርቆ በሩ ጎን ይሁን፤ ወይም እንቅስቃሴ ሲያይ በራሱ የሚበራ መብራት አድርጉ። ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ባለው መተላለፊያም ወለሉ አጠገብ ትንሽ መብራት ይኑር። ትልቅ ሰው ሌሊት ድንገት ሲነሳ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ ይዞርበታል፤ በዚያ ላይ ጨለማ ሲጨመር ይብሳል።

የቦይለሩ መስመር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ከሌለው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት አስገቡ። ምድር ሽቦውም መኖሩ ይፈተሽ።

የውኃውን ሙቀት ማንም አላነሳም። 60 ዲግሪ የሆነ ውኃ በአምስት ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል፤ 49 ሲሆን ደቂቃዎች ይወስድበታል። የትልቅ ሰው ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል፤ ተቀምጦ የሚታጠብ ሰው ደግሞ ሮጦ አያመልጥም። ቦይለሩን ዝቅ ማድረግ ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ ለብ ያለ ውኃ የተጠራቀመበት ጋን ውስጥ ሌጅዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ጋኑ 60 ላይ ይቆይ፤ ሻወሩ ላይ ግን ሙቀት የሚቆጣጠር ሩቢኔቶ ይገጠም፣ 38 ላይ የሚቆም ቁልፍ ያለው።

ትንፋሽ

ባለቤቴ የሳንባ ሕመምተኛ ናት። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ አለቀ አትበሉ። ሴራሚክና ሲሚንቶ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ልብስ ውስጥ፣ መጋረጃ ላይ፣ አልጋ ሥር ይተኛል። መቁረጫው በውኃ ይሁን፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር በፕላስቲክ ይታሸግ፣ የእናታችሁ መኝታ ቤትም ይዘጋ። ከመምጣታቸው በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በመጥረጊያ ሲጠረግ ተመልሶ ይነሳል። የቀለምና የሲሊኮን ሽታም መስኮት ተከፍቶ ጥቂት ቀን ይውጣ።

ማለዳ

ሰላም፤ የዘገየሁት ሥራው ስለያዘኝ ነው። በሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አዲሱ ሽንት ቤት ገብቷል፣ ብሎኬቱ በኮንክሪት ተሞልቶ ሁለቱም ጎን ብረት ተተክሏል። እናቴ በፎቶ አይታ የቀኙ ትንሽ ወደ ፊት ይምጣ ስላለች ፊዚዮቴራፒስቷን ጠይቀን አመጣነው።

ሻወሩ ጋ ግን ጭንቅ ላይ ነኝ። ገንዳው ተነሥቷል፣ ቅቡ ሁለተኛው እጅ ደርቋል። ዛሬ ሆስፒታሉ ደውሎ «ከነገ ወዲያ ልትወጣ ትችላለች» አለን። ሠራተኛው «የውኃ ሙከራውን እንለፈው፣ ቅቡ ጥሩ ነው፣ ሴራሚክ ልጀምር» እያለኝ ነው። ምን ልበለው?

ውኃ ልክ

አይታለፍም። ፍሳሹን ድፈኑ፣ መግቢያው ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የአሸዋ ከረጢት ደርድራችሁ ውኃውን አቁሙ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉ። የውኃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ መስመሩ ላይ ካለ ቀጥሉ፤ ከወረደ የሚያፈስበትን ፈልጉ። ከሥር ክፍል ካለ ጣሪያውን እዩ።

የሌሊት ተረኛ

እኔም እጨምራለሁ። ሽንት ቤቱ ካለቀ ሻወሩ ሊቆይ ይችላል። ቁስሉ ገና ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሳፋና በጨርቅ ተቀምጠው ቢታጠቡ ይበቃቸዋል፤ ቁስሉ መቼ ውኃ መንካት እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቂ። ለሌሊት ከአልጋው አጠገብ የሚቆም ባለ ባልዲ ወንበር ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ገና የመጡ ሰሞን በሌሊት ያንን ሁሉ መንገድ መሄድ የለባቸውም።

ማለዳ

ሞላነው። ጠዋት ስናይ ውኃው ከእርሳሱ መስመር በግልጽ ወርዷል። ሠራተኛው ራሱ ተንበርክኮ ሲያይ ቅቡ ፍሳሽ ማስገቢያው ዙሪያ፣ ፕላስቲኩና ሲሚንቶው በሚገናኙበት ላይ፣ ፀጉር በምታክል መስመር ተላቋል። ደርቆ፣ ዙሪያው በማጠናከሪያ ጨርቅ ታስሮ እንደገና ተቀባ፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ሴራሚክ ተለጥፎበት ቢሆን ኖሮ ይህን የምናውቀው ግድግዳው ሲረጥብ ነበር።

እናቴ ቤት ገብታለች። ሻወሩ ሳያልቅ ነው የገባችው፣ ግን ማንም አልተቸገረም። እንደመጣች አረፍ በይ ብንላት እምቢ ብላ በዎከሯ ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች። ማብሪያውን አበራች፣ አጠፋች፣ መልሳ አበራች። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ሁለቱን ብረት ይዛ ተቀመጠችና «ከፍታው ልክ ነው» አለች። ወንድሜ ወደ ሳሎን ሄዶ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ሦስተኛ ልጅ

ደስ ብሎኛል። እንኳን ለቤቷ አበቃት። ሻወሩ ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ልብስሽን እንደለበስሽ አብረሻት ሁኚ፤ ወንበሩ እስኪለመድ ድረስ ፍርሃቱ ከሕመሙ ይብሳል።

ተከራይ

ይህን ሁሉ አነበብኩት፤ ለእኛ ግን አንዱም የሚሆን አልመሰለኝም። አክስቴ በዚሁ በዳሌ ስብራት ተኝታለች፤ ቤቱ የኪራይ ነው፣ አከራዩ አንድም ቀዳዳ አይበሳም ብሏል። ምን ማድረግ ይቻላል?

ቀስ በቀስ

ይቻላል፤ ብዙ ሕመምተኞቼ እንደዚያው ናቸው። ለሽንት ቤቱ በራሱ አራት እግር የሚቆምና የክንድ መደገፊያ ያለው ከፍ ማድረጊያ አለ፤ ከሴራሚኩ ጋር አይያያዝም፣ አይንሸራተትምም። መቀመጫው ላይ ብቻ የሚሰካውን ዓይነት ለዳሌ ሰው አልመርጥም፣ ወደ ጎን ሲደገፉበት ይዞራል። ገንዳ ካላችሁ ሦስተኛ ልጅ የጠቀሰው መሻገሪያ ወንበር አለ፤ ሲገቡ ወደ ኋላ ጋለል ብለው፣ የተሠራውን እግር ሌላ ሰው ደግፎላቸው ያሻግሩ፣ 90 ዲግሪው እንዳይታለፍ። ለመያዣ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ አለ፤ ቀዳዳ አይፈልግም፣ ጣሪያው ግን ኮንክሪት መሆን አለበት፤ በኮርኒስ ላይ አይሠራም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ነቅላችሁ ጥግ አስቀምጡና መጋረጃ ስቀሉ፤ ስትለቁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። ከፎጣ መስቀያው ላይ ግን ፎጣውንም መስቀያውንም አንሡት። እዚያ ካለ መያዛቸው አይቀርም።

ተከራይ

ኮርኒስ ነው ያለን፤ ምሰሶው ቀረ። ሌላውን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ። ነገ ሜትር ይዤ ወደ አክስቴ እሄዳለሁ።